ካዛንቺስ የኖሩት አርባ ሁለት አይጦች

ናፍታሊን መሸጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሳሙና ልገዛ ላንቻ ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ብገባ፣ ባለሱቋ ልጅ ከመደርደሪያው ሥር ካርቶን ጎትታ ነጫጮቹን የብል መድኃኒት ፍሬዎች በትንንሽ ላስቲክ እየቋጠረች ነው። ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ ጭንቅላቴን ያዘኝ። ሌላ ሰው ይህን ሲያሸት የእናቱ ሣጥን፣ የበዓል ቀሚስ፣ የሠርግ ጋቢ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ ያለኝ አይጥ ነው። በሦስት ረድፍ የተኙ፣ ሆዳቸው በጥጥ የተሞላ አርባ ሁለት አይጥ። ልጅቷ «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» ብትለኝ ሳሙና የሚለው ቃል ጠፋኝ። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ደንግጣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ስኳር አለብዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስኳር የለብኝም። ያለብኝን ብነግራት ግን የምታምነኝ አይመስለኝም። የሰባ ሦስት ዓመት አሮጊት ለሞቱ አይጦች ታለቅሳለች ቢባል ማን ያምናል?

ለነገሩ በሙያዬ ሲሳቅብኝ ነው የኖርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማርኩት የዱር አራዊትን ኑሮ ነው፤ ሰው ይህን ሲሰማ አንበሳና ዝሆን ይጠብቃል። የእኔ ግን ትንንሾቹ ናቸው፤ አይጥ፣ ፍልፈል፣ ሽኮኮ። የካዛንቺስ ሰው ስሜን አሰለፈችን ትቶ «የአይጥ ሐኪም» ነበር የሚለኝ፤ ሐኪም ያሉኝም በማከሜ አልነበረም። ጎረቤት ጤፉን አይጥ ሲበላበት የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ደግሞ በየሳምንቱ በር ላይ ቆሞ፣ የመንግሥት ደሞዝ እየበላሽ የምታሳድጊያቸው አይጦች ለምን የእኔን ጓዳ ይመርጣሉ እያለ ይሞግተኝ ነበር። የማጠናቸው የቤት አይጦች እንዳልሆኑ፣ በተራራ ጫካ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ፣ ዘር የሚበትኑ፣ አፈር የሚቆፍሩ፣ ቀበሮና ጭልፊት የሚመግቡ እንደሆኑ ላስረዳው ስሞክር «አይጥ አይጥ ነው» ብሎኝ ይሄዳል። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሁላችንም እንደ ተበተነ ባቄላ ነው የሄድነው።

ያኔማ ካዛንቺስ ሌላ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ቪላዎች፣ ከቪላዎቹ ጀርባ የእኛ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በመሀል የሙዚቃ ቤቶች፣ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ ሰቅለው አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የሚያስጨፍር። ከቤት እስከ ታክሲ ማቆሚያ ስሄድ ሦስት ዘፈን እሰማለሁ፣ አንዱንም ሳልጨርስ። ሴይቼንቶ፣ ያቺ ትንሿ ፊያት ታክሲ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበረች። ፓስቲ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይሰጡናል፣ ዘይቱ የጋዜጣውን ፊደል መዳፋችን ላይ ያትመዋል። ወንዶቹ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው፣ የቤልቦተም ሱሪያቸው ጫፍ አስፋልት እየጠረገ ያልፋሉ። እኔም ለመስክ ሥራ ብዬ አንድ ጂንስ ገዝቼ ነበር። እናቴ ሁለት ጊዜ ደብቃብኛለች፤ ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ጫካ ለጫካ አይጥ ልታባርር ነው ወይ የተማረችው ብላ ለንስሐ አባቷ ሁሉ ከስሳኛለች። እሳቸው ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ሱሪው ታጥቦ ተተኩሶ አልጋዬ ላይ ይቀመጥልኝ ጀመር። ዛሬ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዛፍ ተተክሏል፣ ብስክሌት መንዣ አለው፣ መብራቱ ያምራል። አልክድም፣ ያምራል። የቤታችንን ቦታ ግን ማግኘት አልቻልኩም። የት ጋ ቆሜ ላስታውሰው?

ጂንሱን ያስገዛኝ መምህሬ ዶክተር ይርጋ ነበሩ። ጫካ ውስጥ እንኳ ክራባት የማይፈቱ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ኋላ የሚሰኩ፣ ሳቃቸው በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው። በሁለት ነገር አይደራደሩም ነበር። የመጀመሪያው መለያ ነው። አይጥ ተይዞ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ጥጥ ተሞልቶ ይሰፋል፣ ከቀኝ የኋላ እግሩ ላይ በክር ትንሽ ወረቀት ይታሰርለታል። ወረቀቷ ላይ ተራ ቁጥር፣ የተራራው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑና የያዘው ሰው ስም ይጻፋል። «መለያ የሌለው ቆዳ ቆሻሻ ነው» ይሉን ነበር። መለያው አርጅቶ ቢቀየር እንኳ አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው እንዳይቆረጥ፣ ለደቂቃም ቢሆን። ይህን ሕግ ወርሼ ተማሪዎቼን ስቀጣበት ኖሬያለሁ። ሁለተኛው እኩልነት ነው። ሦስት ተራራ ለማወዳደር ከየተራራው እኩል ቁጥር መምጣት አለበት፤ ከአንዱ ሃያ ከሌላው አምስት ከሆነ ንጽጽሩ ያጋድላል። ከየተራራው አሥራ አራት ይበቃል አሉን። ከአንዱ ተራራ አሥራ አምስተኛ ስትያዝ ለቀናት የለፋሁባትን አይጥ በእጄ አስለቅቀውኛል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ተራራ ወፍ አምባ ነበር። በላንድሮቨሯ ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ የቆርቆሮ ወጥመዶቹ ሲንኳኩ የመንደር ሰው ዕቃ ሻጮች የመጣን ይመስለው ነበር። ጫካው ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል፤ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ሽበት የሚመስል ቃጫ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከመሬት ስትነሺ ጉልበትሽ እርጥብ ነው። በኦቾሎኒና በአጃ የለወስነውን ዱቄት ወጥመድ ላይ እናደርጋለን። እዚያ የያዝኳቸው አይጦች ከሌሎቹ ሁለት ተራራዎች አይጦች ጋር አንድ ዓይነት ናቸው ተብሎ ነበር የሚታመነው። እኔ ግን የመጀመሪያዋን መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት የኋላ ጥፍሯ ረዘመብኝ። ለዶክተር ይርጋ ብነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩና፣ ዕድሜም ሊሆን ይችላል አሉ። አይመስለኝም አልኳቸው። እንግዲያው አረጋግጪ አሉኝ። ሕይወቴን ሙሉ ይዛኝ የቆየች ቃል እሷ ናት።

ስንመለስ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ሾፌሩ ያልፋል ብሎ ገባ፣ መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናው ተገፍቶ ማዘንበል ጀመረ። እኔ የቆዳዎቹን ሣጥን በራሴ ላይ ተሸክሜ እስከ ደረቴ በውሃ ውስጥ ወጣሁ። የራስ ቅሎቹ ካርቶንና የመስክ ደብተራችን ግን ወንዙ ጋ ቀሩ። ዶክተር ይርጋ ዳር ላይ ተቀምጠው ክራባታቸውን ጨምቀው መልሰው አሰሩና፣ መለያዎቹ አሉ፣ መለያዎቹ ካሉ ሥራው አለ አሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ራሴ ላይ አርባ ሁለት አይጥ ነበር፣ የዓለም ንግሥት የሆንኩ ያህል ነበር።

ከዚያስ? የወፍ አምባ አይጥ የተለየ መሆኑን የሚያሳየውን ጽሑፍ አልጻፍኩትም። እውነቱ ይኸው ነው። የጠፋውን ደብተር ለመተካት አንድ ተጨማሪ ጉዞ አደርጋለሁ አልኩ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት መኪና ጠፋ። መኪና ሲገኝ ዶክተር ይርጋ ሞቱ። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ፤ ስብሰባ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሌሎች ሰዎችን ጽሑፍ ማረም። ሁልጊዜ ክረምቱ ሲያልፍ እጀምራለሁ እል ነበር። ስንት ክረምት አለፈ። ጡረታ ልወጣ ስል የዕቃ ክፍላችን ለሌላ ሥራ ተፈለገና የቆዳዎቹ ቁም ሣጥን ኮሪደር ላይ ወጣ። ዝናብ ይገባበታል ብዬ የእኔን አርባ ሁለት ለጥቂት ወር ብዬ ወደ ካዛንቺስ ወሰድኳቸው። ጥቂቱ ወር ዓመታት ሆነ። የእናቴ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አልጋዬ ሥር ኖሩ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር ናፍታሊናቸውን እቀይርላቸዋለሁ። ልጅ አልወለድኩም። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ግንቦት ግንቦት ምን እንደማደርግ ለመናገር ነው።

ዓምና ኦሎምፒያ ማኪያቶ ልጠጣ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽበት የጀመረው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። ሳምሶን ነው፣ ተማሪዬ የነበረው። ጭንቅላቱ ጥሩ ነበር፣ ሰነፍ ቢሆንም የዋዛ አልነበረም፤ አሁን እሱም ዶክተር ሆኖ እኔ የቆምኩበት ክፍል ቆሞ ያስተምራል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ጉልበቴ ካወራን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወፍ አምባን አነሣ። ከሦስቱ ተራራዎች ሁለቱ ዛሬ ባሕር ዛፍና እርሻ ናቸው። ወፍ አምባ ላይ ግን የቀድሞው ጫካ ቁራጭ እስከ አሁን አለ። እሱም ተመንጥሮ ለባሕር ዛፍ ተከላ ሊሰጥ ታስቧል፤ የሚወስነው ጉባኤ ሐሳብ ስጥ ብሎ ሳምሶንን ጠርቶታል። ሌላ ቦታ የሌለ እንስሳ እዚያ እንዳለ በማስረጃ ከቀረበ ጫካው ይተርፋል፣ ካልቀረበ ይቆረጣል። እዚያ ሄዶ እንደገና ወጥመድ ማጥመድ ደግሞ ዛሬ የሚታሰብ አይደለም፣ መንገዱ ሰላም የለውም። ሳምሶን የጥፍር ያህል ቆዳ ብቻ ከየአይጡ ካገኘ ላቦራቶሪው ዘራቸውን ለይቶ ይነግረናል አለኝ። «ማለቴ፣ ዶክተር፣ በዓለም ላይ ተይዞ የተቀመጠ የወፍ አምባ አይጥ ያለው እርስዎ አልጋ ሥር ብቻ ነው» አለኝ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። አርባ ስንት ዓመት ያዘገየሁት ነገር እንደ ብድር ሳይሆን እንደ ይቅርታ ተመልሶ የመጣልኝ መሰለኝ። ኦሎምፒያ መሀል ላይ ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሚኒባስና ጡሩምባ እያለፈ፣ እንደ ኮረዳ አፍሬ ሣቅሁ።

ቤት ገብቼ ሣጥኑን ስከፍት የመለያዎቹ ቀለም ደብዝዟል። በቁጥሮቹ ላይ ሦስትና ስምንት አይለይም፣ የተራራው ስም በብርሃን ካልተያዘ አይነበብም። እንዲህ አድርጌ ለሳምሶን አልሰጥም፣ በአዲስ ወረቀትና ቀለም እገለብጣቸዋለሁ አልኩ። አይጡን ከነመለያው መስኮቱ ጋ ይዤ በአጉሊ መነጽር ለማንበብ ስሞክር የመጀመሪያው እግር እጄ ላይ ተሰበረ። ከዚያም ሁለተኛው። እነዚያ እግሮች እንደ ደረቀ የሣር ዘንግ ናቸው፣ ስትነኪያቸው ይቀነጠሳሉ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክሩን ብቆርጠው፣ እያንዳንዱን መለያ ከየአይጡ ሥር ባስቀምጠው፣ ሳልነካካቸው ወረቀቷን ብቻ ወደ መስኮቱ እየወሰድኩ ብገለብጥ እግሮቹ ይድናሉ። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ ድመት የለም፣ መስኮቱን ዘግቻለሁ። የመምህሬን ሕግ አልረሳሁትም፤ እያወቅሁ ነው የቆረጥኩት። ለአይጦቹ ስል ነበር፣ ወይም ለዓይኔ ስል ነበር፣ አሁን መለየት አቅቶኛል። የእናቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አርባ ሁለቱን አስተኛኋቸው፣ ወረቀታቸውን ከሥራቸው አስቀመጥኩ። አሥራ አንዱን ገለበጥኩ። አንገቴን ሲያመኝ የቀረውን ነገ ብዬ ተውኩት። የገለበጥኳቸውንም አላሰርኳቸውም፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስራቸዋለሁ ብዬ።

በማግሥቱ ጠዋት ለልማት ተነሺነት ወረቀት ልፈርም ተጠራሁ። እንደምንነሣ ካወቅን ቆይተናል፤ ቀኑ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ነው ተብለን ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ የእኛ ረድፍ ዛሬ ይለቀቅ ተባለና መኪናዎቹ መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር ጽጌ፣ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቴ፣ መለዋወጫ ቁልፌ እሷ ጋ ነበር። የእድሩን ሴቶች ጠርታ እኔ እስክመለስ ቤቴን ጠቀለሉልኝ። እንደ ለቅሶ ቤት ነው የሠሩት፤ አንዷ ሳህን፣ አንዷ መጽሐፍ፣ አንዷ አልጋ። ስደርስ የቤቴ በር ተነቅሏል፣ ዕቃዬ ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በገመድ ታስሯል። ጽጌ ከሰው ለይታ ወሰደችኝ። ደረቷ ላይ ያቀፈችውን ሣጥን ከፈተችልኝ። አርባ ሁለቱም አይጦች፣ እያንዳንዳቸው በሶፍት ተጠቅልለው፣ እንደ እንቁላል ተደርድረዋል። ከላይ ነጭ ነጠላዋን አልብሳቸዋለች። ጥጉ ላይ አንድ ፖስታ አለ፣ መለያዎቹ በሙሉ ውስጡ አሉ።

«አንዷም አልጠፋችም» አለችኝ። «ወረቀቶቹንም ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አሮጌዎቹ አርባ ሁለት፣ አዲሶቹ አሥራ አንድ ናቸው። የዕድሜሽ ሥራ እንደሆነ መች አጣሁት።»

ከሥራዬ ይልቅ ፊቷን ነው ያየሁት። አቧራ ለብሷል፣ ላቧ መስመር ሠርቶበታል። የራሷ ቤት ገና አልተጫነም ነበር፤ የእኔን ነበር ያስቀደመችው። አቀፍኳት፣ እግዜር ይስጥሽ አልኳት። የትኛው ወረቀት የየትኛው አይጥ እንደነበረ ከእንግዲህ እንደማይታወቅ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። አሁን እሷ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ በደወለች ቁጥር አይጦችሽ እንዴት ናቸው ትለኛለች። ደኅና ናቸው እላታለሁ።

የእህቴ ልጅ ላንቻ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለቀቀልኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ወራት አሳለፍኩ፣ አይጦቹን አልጋዬ ላይ ደርድሬ። ከክሩ ቁራጭ ጋር የሚገጥም ጫፍ ፈለግሁ፤ ክሩ ሁሉ ከአንድ ማጠንጠኛ የወጣ ነው፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው አይለይም። በወረቀቱ ላይ የቀረ ጠጉር ፈለግሁ። የስፌቱን ዓይነት አየሁ፣ የጥጡን አወቃቀር አየሁ፤ ሁሉንም የሰፋኋቸው እኔ ነኝ፣ ሁሉም የእኔ ስፌት ነው። የተሰበሩት ሁለቱ እግሮች እንኳ ከማን እንደሆኑ አላውቅም። ላቦራቶሪውስ አይረዳም ወይ እል ነበር ለራሴ። በእርግጥ አሥራ አራቱ ይለያሉ ይለናል ይሆናል። ግን ከየትኛው ተራራ ናቸው? ከየተራራው አሥራ አራት ነው ያለን። አንደኛው ሃያ ቢሆን፣ አንደኛው አምስት ቢሆን ቁጥሩ ራሱ ይናገር ነበር። በጥንቃቄያችን እኩል አደረግናቸው፣ እኩል ስለሆኑ ማንም ማንን አይመሰክርም። ይህን የተረዳሁ ቀን እራት አልበላሁም። በማግሥቱም አልበላሁም። የእህቴ ልጅ ሐኪም ልጥራ አለ፤ የአይጥ ሐኪሟ እኔ አይደለሁ ወይ ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

ሳምሶን ሲደውል ገና ነው እለው ነበር፣ እየገለበጥኩ ነው እለው ነበር። የመጣው ጉባኤው ሊቀመጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፣ ከመስቀል ፍላወር በእግሩ፣ መንገዱ ስለተዘጋ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ እጁ ላይ ቆዳዎቹን የሚይዝበት አዲስ ሣጥን አለ፣ ውስጡ ስፖንጅ ተቆርጦለት፣ አርባ ሁለት ጉድጓድ። ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መቀሱን ጨምሬ። ተማሪ ሳለ መለያ ሳያስር ክር ቆርጦ ይዤው ሙሉ ክፍል ፊት እንዳዋረድኩት ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ እሱ አላነሣውም። የወፍ አምባዎቹን በዓይኔ እለያቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ይመስለኛል አልኩት። ጥፍራቸው የረዘመው እነሱ ናቸው ብዬ አርባ ስንት ዓመት አምኛለሁ።

«በቃ፣ ይለዩልኛ፣ ዶክተር» አለኝ። «አሥራ አራቱን ይለዩና አሮጌውን መለያ እግራቸው ላይ ይሰሩላቸው። የእርስዎ ዓይን ለእኔ ይበቃኛል። ማን ያውቃል?»

አልተቆጣሁትም። እኔም ብቻዬን ስሆን ለራሴ ያልኩትን ነው ያለኝ። ፖስታውን ከፍቼ ወፍ አምባ የሚሉትን ወረቀቶች ለየሁ። ከአይጦቹ ጥፍሯ የረዘመችውን አነሣሁ፣ እግሯን ያዝኩ፣ ክሩን አዞርኩ፣ አሰርኩ። አምራ ነበር። ልክ እንደዚያ ቀን እንደነበረችው። ሳምሶን ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ሁለተኛዋን አነሣሁ፤ ጥፍሯ ረዥም ነው ወይስ መካከለኛ? መነጽሬን ጠረግሁ። ሦስተኛዋን ከጎኗ አስቀምጬ አየሁ። እና እዚያ ላይ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝ። ከሁሉ የሚለዩትን መርጬ፣ የወፍ አምባ ብዬ ስም ሰጥቼ፣ ከዚያ የወፍ አምባ አይጦች ከሁሉ ይለያሉ ልል ነው። የምፈልገውን መልስ ራሴ እየሰፋሁት ነው። ዶክተር ይርጋ ዕድሜም ሊሆን ይችላል ብለውኝ ነበር፤ እሳቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እኔ ልክ ልሆን እችላለሁ፣ ይህን የሚያውቁት እነዚህ ወረቀቶች ብቻ ነበሩ። መቀሱን አንሥቼ ያሰርኩትን ቆረጥኩ።

«ጫካውስ?» አለ ሳምሶን።

ጫካውን በዓይኔ አየዋለሁ፣ ጉሙን፣ ከቅርንጫፎቹ የሚንጠባጠበውን፤ ማንም እንደዚያ የሚያየው ሰው አልቀረም። በአንዲት ውሸት ብቻ ይተርፍ ነበር ይሆናል። ልክ ሠራሁ የሚል ሐሳብ አላጽናናኝም፤ ልክ መሥራት የነበረብኝ መቀስ ያነሣሁ ቀን ነበር፣ ከዚያም በፊት አርባ ክረምት ነበረኝ። ሳምሶን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ከዚያ ጉባኤው ፊት ምን ልበል አለኝ። ማስረጃ እንደሌለን ንገራቸው፣ ማን እንዳጠፋውም ንገራቸው አልኩት። ስምዎትን አልጠራም አለኝ። ጥራው አልኩት።

አይጦቹ ከሳምሶን ጋር እንዲሁ ባዶ እግራቸውን እንዳይሄዱ ግን አዲስ ወረቀት ቆርጠን ተቀመጥን። እሱ አይጦቹን አንድ በአንድ ይይዝልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አስራለሁ። ልጻፍልዎት ቢለኝ እምቢ አልኩት። የያዘው ሰው ስም በሚለው መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ የተራራው ስም በሚለው መስመር ላይ አርባ ሁለት ጊዜ «ቦታው አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ።